የተራራ ምላስ፣ የባሕር ምላስ

ፕሮፌሰር፦ አልሰጥም አልኩህ፣ አልሰጥም! የባሕር ሰው ያለ ስኳር ምላሱ አይላወስም። የእኔ ልጅ ደግሞ ሻይዋን የምትጠጣው በግማሽ ማንኪያ ነው። በግማሽ!

አጣቢው፦ ቆይ… ታዲያ እሷ በግማሽ ማንኪያ ትጠጣ፣ እሱ በሦስት ይጠጣ። ማንኪያው እንደሆነ አንድ ነው።

ፕሮፌሰር፦ ይኸው! ይኸው አሁን! ለዚህ ነው እኮ እኔ የምቀዳው፣ አንተ የምታጥበው!

(ጭቅጭቁ የተነሳው በረጅሙ መንገድ እኩሌታ ላይ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ከተራራ የሚወርደው አውቶብስም፣ ከባሕር የሚወጣው አውቶብስም እዚህ ቆሞ ተሳፋሪው እግሩን ያፍታታል፤ ቀዝቃዛ ሻይ ይጠጣል። ባለቤቱ ራሱ ቀጂ ነው። ትምህርቱን ብዙም አልገፋበትም፤ ሾፌሮቹ ግን «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ቀልድ መሆኑን አላወቀባቸውም፣ ወይም አውቆ እንዳላወቀ አልፎታል። አጣቢው ከጎኑ ቆሞ ብርጭቆ ማጠብ ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አንድ ነገር ከመጠየቁ በፊት «ቆይ» ማለት ልማዱ ነው፤ ከጠየቀም በኋላ ቶሎ የሚገባው አይመስልም። የፕሮፌሰር አንድ ልጁ ከመንገዱ ማዶ ባለው መስኮት ትኬት ትቆርጣለች። የአጣቢው የእህት ልጅ ደግሞ የባሕሩን አውቶብስ ይነዳል። ሁለቱ ተዋደዋል። ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ፦ «አባዬ፣ እምቢ ካልክ ምክንያትህን እዚያው ፊት ለፊት ንገረው፤ ዛሬ ሲመጣ» ብላ ሄዳለች። ስለዚህ ፕሮፌሰር ከነጋ ምክንያቱን ሲስል ነው ያረፈደው። እውነቱን ለመናገር ልጁ ላይ ሌላ እንከን አላገኘበትም። መፈለጉንስ ፈልጎ ነበር።)

አጣቢው፦ ቆይ… ምክንያትህ እሱ ብቻ ነው? ስኳር?

ፕሮፌሰር፦ «ብቻ» ትላለህ? አሥራ ስምንት ዓመት ያጠናሁት ነው! (ከባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር አወጣ) ስማ። «ሰኞ። የተራራ አውቶብስ፤ ሰባት ሰው በጣም ጣፈጠ አለ። የባሕር አውቶብስ፤ አሥራ አንድ ሰው ስኳር የለውም አለ።» ማክሰኞ? ያው። ረቡዕ? ያው። አምና? ካቻምና? ያው! አንድ በርሜል፣ አንድ ሻይ፣ አንድ ስኳር። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አጣቢው፦ ቆይ… ከየት መጣ?

ፕሮፌሰር፦ ከምላስ! የተራራ ሰው ብርድ እንዳይገባበት አፉን አይከፍትም። ምላሱ እቤቱ ተዘግቶበት ስለሚኖር ትንሹም ነገር ይበዛበታል። የባሕር ሰው ግን ሲያወራ ይውላል፤ ነፋሱ ጨው ይዞ ይገባና ምላሱ ላይ ይጋገራል። ያንን ጨው የሚያሸንፍ ስኳር እኔ ከየት ላምጣ?

አጣቢው፦ ቆይ… እኛስ? መሐል ያለነው?

ፕሮፌሰር፦ እኛ ሚዛን ነን። ጥሩ ቀጂ የሚወጣው ከእኛ ነው።

አጣቢው፦ (ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያየ) ቆይ… ያን ጊዜ የተራራው አውቶብስ ጎማው ፈንድቶ ከባሕሩ በኋላ የደረሰ ዕለት፣ የተራራ ሰዎቹ «ስኳር የለውም» ብለው አልጮኹም እንዴ?

ፕሮፌሰር፦ ጮኸዋል። ለምን ጮኹ? ጎማው እስኪቀየር ፀሐይ ላይ ቆመው ነበራ! ፀሐይ የመታው የተራራ ሰው ለጊዜው የባሕር ሰው ይሆናል። ተጽፏል። (ገልጦ አሳየው) «ጊዜያዊ ባሕርነት።»

አጣቢው፦ ቆይ… ያቺ ቀይ ጃንጥላ የያዘችው እናትስ? የተራራ ሰው ሆና ሳለ በባሕሩ አውቶብስ የመጣችው?

ፕሮፌሰር፦ ምን አለች እሷ?

አጣቢው፦ «ልጄ፣ ስኳሩን ረሳኸው መሰለኝ» አለችህ።

ፕሮፌሰር፦ እሷማ ከባሕር በኩል አክስት አላት።

አጣቢው፦ ቆይ… ጠየቅካት?

ፕሮፌሰር፦ ምን ያስጠይቃል? ከፊቷ ያስታውቃል! ኧረ አንተ ሰው፣ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሆነብኝ እኮ ያንተ ነገር!

አጣቢው፦ ቆይ… «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባልስ አልሰማህም? (ደብተሩን ዓይን ዓይኑን እያየ)

ፕሮፌሰር፦ ስላንተ የተባለ ነዋ!

አጣቢው፦ እኔማ የያዝኩት ብርጭቆ ነው።

(ፕሮፌሰር ደብተሩን ከፊቱ ትንሽ ሸሸግ አደረገ። ከዚያ ለምን እንደሸሸገው ለራሱም ስላልገባው መልሶ አወጣው።)

አጣቢው፦ ቆይ… አንተ ራስህ ግን ይሄን ሻይ ቀምሰኸው ታውቃለህ?

ፕሮፌሰር፦ ሐኪም ስኳር ከከለከለኝ ሃያ ዓመት እንዳለፈኝ እያወቅክ!

አጣቢው፦ አንዴም? ጠብታ?

ፕሮፌሰር፦ ሐኪሙ ራሱ በሽታውን ሁሉ ታሞ ነው እንዴ የሚያውቀው?

አጣቢው፦ እሱስ ልክ ነህ። ቆይ… ስኳሩን ሻዩ ትኩስ እያለ ብንጨምረውስ?

ፕሮፌሰር፦ (ጆሮውን ይዞ) ሁለተኛ እንዳትደግማት! ስኳር እሳት ካየ ይደነግጣል። የደነገጠ ስኳር ደግሞ ምሬቱን ይተፋል። ሻዩ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በርሜል ይገባል፣ በረዶው ይገባል። ከዚያ ስኳሩ ከላይ ቀስ ተብሎ ይነሰነሳል። ክዳኑ ይከደናል። ከዚያ ወዲያ በርሜሉ አይነካም!

አጣቢው፦ ባይማሰልም?

ፕሮፌሰር፦ ማማሰል በስኳር ያለማመን ነው። ስኳር መንገዱን ያውቃል! ረሳኸው እንዴ? በመጣህ በሳምንትህ ጭልፋ ይዘህ ክዳኑን ከፍተህ…

አጣቢው፦ «የሳሙና እጅህን አንሳ፤ ሁለተኛ ሻይ እያለበት ክዳኑን ከነካህ ሌላ ሥራ ፈልግ» አልከኝ።

ፕሮፌሰር፦ ብዬሃለሁ።

አጣቢው፦ አልነካሁም።

ፕሮፌሰር፦ ይሄማ ጥሩ ጎንህ ነው። ባይገባህም የተባልከውን ትሰማለህ። (ለስለስ ብሎ) ስማ ወንድሜ፣ በልጁ ላይ ክፋት የለኝም። ጨዋ ነው፤ ጡሩምባውን እንኳ ያለ ምክንያት አይነፋም። ግን ማስረጃ አለኝ። አምና ታመህ ልጠይቅህ ቤትህ የመጣሁ ዕለት፣ ለራሱ ሻይ ሲቀዳ ቁጭ ብዬ አየሁት። አራት ማንኪያ! ቆጥሬአለሁ።

አጣቢው፦ የሚጣበቅ ነገር ስለሆነ እኮ ግማሹ ማንኪያው ላይ ይቀራል።

ፕሮፌሰር፦ ስኳራችሁስ ቢሆን? ስኳር ይመስላል እሱ? ቡናማ፣ እርጥብ፣ በጣሳ የታጨቀ! እንዲህ ያለ ስኳር በዚህ መንገድ ላይ የሚሸጥ ሱቅ የለም። የባሕር ስኳር ነው! ከባሕር ነው የሚያስጭነው!

አጣቢው፦ (አሳለውና ፊቱን ወደ ገንዳው አዞረ) የለም፣ ከቅርብ ነው።

ፕሮፌሰር፦ ከቅርብ ይላል!

አጣቢው፦ ልጁ እኮ እኔ ቤት ሲመጣ አሥር ዓመቱ ነበር። ከአባቱ አገር ከባሕር ምንም ይዞ አልመጣም፤ ከአንድ ሸሚዝ በቀር።

ፕሮፌሰር፦ ምላሱን ይዞ መጥቷል! ምላስ ተሠርቶ የሚያልቀው በሰባት ዓመት ነው።

(አጣቢው አንድ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አለቀለቀ። ፕሮፌሰር ያሸነፈ መሰለውና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። የተራራው አውቶብስ ሁልጊዜ በአራት ሰዓት ይደርሳል፣ የባሕሩ በአምስት። አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የተራራው ግን ገና አልመጣም። እስካሁን አንድም ተሳፋሪ አልወረደም፤ በርሜሉም ከጠዋት እንደተከደነ ነው።)

ፕሮፌሰር፦ ዛሬ ደግሞ ተራሮቹ ምን ነካቸው?

አጣቢው፦ እንጃ። ቆይ… እኔ የምልህ፣ ዛሬ አንድ የባሕር ሰው ጠጥቶ «በጣም ጣፈጠ» ቢልስ?

ፕሮፌሰር፦ (እየሳቀ) የባሕር ሰው? ጣፈጠ?

አጣቢው፦ ቢልስ?

ፕሮፌሰር፦ ዓሣ ውሃው አረጠበኝ ብሎ ያውቃል?

አጣቢው፦ ዓሣ አላውቅም። ቢልስ ነው ያልኩህ።

ፕሮፌሰር፦ እንግዲያው በዚህ ደብተር እምላለሁ! አንድ፣ አንድ የባሕር ሰው ከዚህ በርሜል ቀምሶ ጣፈጠኝ ካለ ልጄን ሰጥቻለሁ!

አጣቢው፦ ከነምርቃቱ?

ፕሮፌሰር፦ ከነምርቃቱ! ሾፌሩ ግን አይቆጠርም። እሱ ለፍቅር ሲል በርበሬም ጣፈጠኝ ይላል።

አጣቢው፦ እሱስ አይቆጠር። ቆይ… ብትጽፈውስ? እኔ እረሳለሁ።

ፕሮፌሰር፦ እጽፈዋለሁ! (ጻፈ፤ ከሥሩ ረዘም ያለ ፊርማ አኖረ) ይኸው! ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለሃል።

(ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልክ።)

ፕሮፌሰር፦ መጡ ተራሮቹ። ብርጭቆ ደርድር!

አጣቢው፦ (አንገቱን በበሩ አስግጎ) ቆይ… የተራራው አውቶብስ አረንጓዴ አልነበር?

ፕሮፌሰር፦ ነው።

አጣቢው፦ ይሄ ሰማያዊ ነው።

ፕሮፌሰር፦ የባሕሩ? የባሕሩ ቀድሞ? እንዴት ሆኖ?

አጣቢው፦ በተራራው በኩል ድንጋይ ተንዶ መንገድ ዘግቷል አሉ።

ፕሮፌሰር፦ ምን አገባን! እንዲያውም ጥሩ፤ ፍርዱ ቶሎ ይታይ። ቅዳ! አይ፣ ተው፣ ራሴ እቀዳለሁ!

(ተሳፋሪዎቹ ገቡ። ፕሮፌሰር ከበርሜሉ ቧንቧ በማንቆርቆሪያ እየሞላ ቀዳላቸው። መጀመሪያ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ አንስቶ ተጎነጨ። ዓይኑን ጨፈነ። «ወንድም፣ ይሄ ሻይ ነው ማር?» አለ። አንዲት እናት ጉንጫቸውን ይዘው «ውይ ጥርሴን!» አሉ። መነጽር ያደረጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስመጥተው ደባለቁት። ሾፌሩ ግን እንደማይቆጠር የሰማ ይመስል ደጅ ቆሞ የትኬቱን መስኮት እያየ ቀረ። ፕሮፌሰር ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ባለበት ደረቀ። ሲናገር ከአፉ የወጣውን ቃል እሱም አላመነውም።)

ፕሮፌሰር፦ ቆይ… ቆይ… እናንተ የባሕር ሰዎች ናችሁ? አንድ እንኳ ከተራራ የተሳፈረ የለም?

(«የለም» አሉት በአንድ ድምፅ። ውሃ ጨምርልን ብለው ጠጥተው፣ ከንፈራቸውን እየጠረጉ ወጡ።)

አጣቢው፦ ስንት ሰው ልበል? እኔ ስቆጥር ዘጠኝ ላይ ተሳሳትኩ።

ፕሮፌሰር፦ ዛሬ… ዛሬ ባሕር ላይ ነፋስ የለም ማለት ነው። ጨው አልገባባቸውም።

አጣቢው፦ ይሆናል።

(ሌላ ጡሩምባ። አረንጓዴው ደረሰ፤ አቧራ ለብሶ። የተራራ ሰዎች ተሰልፈው ገቡ፣ ጠጡ፣ ተያዩ። «ስኳር ጨርሳችሁ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው ብርጭቆውን ገልብጦ ከሥሩ ያይ ነበር። አጉረምርመው ወጡ።)

ፕሮፌሰር፦ ፀሐይ! መንገዱ እስኪከፈት ፀሐይ ላይ ቆመዋል!

አጣቢው፦ ዛሬ ደመና ነው።

(ፕሮፌሰር በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየ። ደመና ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር። በርጩማ ስቦ ቁጭ አለ።)

አጣቢው፦ ቆይ… ክዳኑን ልንካው?

ፕሮፌሰር፦ (ደብተሩን ከድኖ) ንካው።

(አጣቢው እጁን አደረቀ። አሥራ ስምንት ዓመት ሻይ እያለበት ያልነካውን ክዳን አንስቶ ጭልፋውን እስከ በርሜሉ ታች ሰደደው። ሲያወጣው እርጥብ፣ ቡናማ ክምር ይዞ ወጣ።)

ፕሮፌሰር፦ ምንድን ነው ይሄ?

አጣቢው፦ ስኳር።

ፕሮፌሰር፦ የማን?

አጣቢው፦ ያንተ፤ ከጠዋት የነሰነስከው። ስኳር መንገዱን ያውቃል ብለህ የለ? በረዶ ውስጥ ሲሆን መንገዱ ወደ ታች ነው። ቧንቧውም ያለው ታች ነው። ቀድሞ የመጣ ወፍራሙን ይጠጣል፤ ዘግይቶ የመጣ የተረፈውን።

ፕሮፌሰር፦ ታዲያ ተራሮቹ…

አጣቢው፦ ስለሚቀድሙ ነው።

ፕሮፌሰር፦ ባሕሮቹ…

አጣቢው፦ ስለሚዘገዩ ነው።

ፕሮፌሰር፦ ምላሱስ? ጨውስ? ጊዜያዊ ባሕርነትስ?

አጣቢው፦ ደብተሩ ጥሩ ደብተር ነው።

(ፕሮፌሰር ማፈር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ አሁን አፈረ። ጣቱን ጭልፋው ላይ ነካ አድርጎ ወደ አፉ አስጠጋው፤ ሐኪሙ ትዝ አለውና ተወው። ከመንገዱ ማዶ ልጁ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ሻይ ቤቱን ታያለች። ሾፌሩም ያያል። ሁለቱም የሚጠብቁት እሱን ነው።)

ፕሮፌሰር፦ እውነቱን ልንገርህ? ስኳሩ አልነበረም። ይቺ ልጅ ከሄደች ቤቱ ወና ነው። ማታ ማታ እኔ ስተነትን እሷ ትሰማኛለች። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል?

አጣቢው፦ እኔ አለሁ።

ፕሮፌሰር፦ አንተማ «ቆይ» ትላለህ!

አጣቢው፦ እየሰማሁ እኮ ነው ቆይ የምለው።

(ፕሮፌሰር ዓይኑን በእጀታው ጠረገ። ከዚያ አንድ ነገር ድንገት ብልጭ አለለት፤ ከበርጩማው ብድግ አለ።)

ፕሮፌሰር፦ አንተ! ይሄን ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?

አጣቢው፦ በመጣሁ በሳምንቴ።

ፕሮፌሰር፦ ታዲያ አሥራ ስምንት ዓመት ለምን አልነገርከኝም?

አጣቢው፦ ክዳኑን አትንካ አልከኝ።

ፕሮፌሰር፦ አፍህን አትክፈት አልኩህ እንዴ? ማታ ማታ በርሜሉን ስታጥብ ይሄን ሁሉ ክምር ምን ታደርገው ነበር?

አጣቢው፦ «ዝቃጩን ድፋ» ብለኸኛል።

ፕሮፌሰር፦ ደፋህ?

አጣቢው፦ ደፋሁ።

ፕሮፌሰር፦ የት?

አጣቢው፦ ጣሳ ውስጥ።

ፕሮፌሰር፦ ጣሳውስ?

አጣቢው፦ ቤቴ ነው።

(ፕሮፌሰር አፉን ከፈተ። ቡናማው፣ እርጥቡ፣ በጣሳ የታጨቀው ስኳር ፊቱ ድቅን አለበት።)

ፕሮፌሰር፦ የባሕር ስኳር!

አጣቢው፦ ከቅርብ ነው ብዬህ ነበር።

ፕሮፌሰር፦ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእኔን…

አጣቢው፦ ቆይ… አንዴ ስማኝ። ልጁ ሲመጣ የጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ምግብ አልበላም ይላል፤ አባቱ ትዝ ይለዋል፣ ማታ ያለቅሳል። አንድ ቀን ያንተን ዝቃጭ ዳቦ ላይ ቀባሁለት። በላ። በነጋታውም በላ። በዚያ አጥንቱ ጠና፣ በዚያ ትምህርቱን ጨረሰ፣ በዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ብነግርህ ታማስለው ነበር። ካማሰልከው ደግሞ ልጁ ምን ይበላል?

ፕሮፌሰር፦ (ድምፁ ሰለል ብሎ) ስለዚህ… ያሳደግኩት እኔ ነኛ።

አጣቢው፦ እኔ ብቻዬንማ አልችለውም ነበር።

ፕሮፌሰር፦ እና የባሕር ሰው አይደለም!

አጣቢው፦ የበርሜል ነው።

ፕሮፌሰር፦ (ወደ በሩ ሄዶ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ወደ ማዶ ጮኸ) ኑ! ሁለታችሁም ኑ! ምን ትገተራላችሁ፣ ኑ እንጂ ልመርቃችሁ! (ተመልሶ፣ በጥርጣሬ) አንተ ግን… ድንጋይ መናዱን ማን ነገረህ? ከዚህ ቤት ከጠዋት አልወጣህም።

አጣቢው፦ የተራራው ሾፌር መንገድ ተዘጋብኝ ብሎት፣ ልጁ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ዛሬ እኔ እቀድማለሁ አለኝ።

ፕሮፌሰር፦ እሱን ይዘህ ነው ያስማልከኝ? አስፈርመህ?

አጣቢው፦ እኔ እረሳለሁ ብዬ እኮ ነው።

(ፕሮፌሰር ሊቆጣ ፈለገ፤ ሳቁ ቀደመው። ሲስቅ ደብተሩን ከባንኮኒው አነሳ፣ አዲስ ገጽ ገለጠ፣ እስክሪብቶውን ምላሱ ላይ አስነካ።)

ፕሮፌሰር፦ «አዲስ ግኝት፤ በፕሮፌሰር። ስኳር በቀዝቃዛ አይሟሟም።» ከነገ ጀምሮ በትኩሱ ይጨመራል! ይማሰላል! ተራራም ባሕርም አንድ ዓይነት ይጠጣል!

አጣቢው፦ ቆይ…

ፕሮፌሰር፦ አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?

አጣቢው፦ እስከ ሠርጉ ድረስ አታማስለው።

ፕሮፌሰር፦ ለምን?

አጣቢው፦ የሠርግ ስኳር ቀላል ነው እንዴ? እነዚህ ልጆች ከተዋደዱ ጀምሮ እያጠራቀምኩ ገና አራት ጣሳ ነው የሞላልኝ።

(ፕሮፌሰር አጣቢውን አየው። ጭልፋውን አየው። በሩ ላይ የልጅቷና የሾፌሩ እርምጃ ይሰማል። ጭልፋ ላይ ያለውን ክምር ወደ በርሜሉ መልሶ ገለበጠ፤ ክዳኑን በገዛ እጁ ከደነ፤ በክርኑም ተደገፈበት።)

ፕሮፌሰር፦ ሰምተሃል? በርሜሉ አይነካም!